ኮምፒውተር ጾም ያስያዘው አያ ከድር

አያ ከድር ሱቁን ዘግቶ መተማ ወረደ አሉኝ።

የነገረችኝ እታለም የሺ ናት፤ ከሱቁ ጎን ልብስ የምትሰፋው። «ሚስቱ የዚያ አገር ልጅ አይደለች? ወንድሞቿ ‹እዚህ መጥተህ ክፈት› አሉት፤ ዕቃውን ጭኖ ሄደ» ብላኝ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። ማዘን ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከሙቀት ጋር ሲካሰስ የኖረ ሰው ነዋ። ኮምፒውተሬ ሞቀብኝ ብሎ በጥር ብርድ የሱቁን በር ወለል አድርጎ እኛን ሲያንዘፈዝፈን የከረመ ሰው፣ ከአገሩ ሁሉ መርጦ ቆላ፣ ያውም መተማ። እዚያ እኮ እንኳን ኮምፒውተር ግድግዳውም ያልበዋል ይባላል።

«አንቺ ትስቂያለሽ» አለችኝ እታለም የሺ። «እኔ ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?»

ያኔ ነው ዞር ብዬ ሱቁን ያየሁት። ሱቁ ውስጥ አሁን ሌላ ሰው ጫማ ደርድሯል።

ሱቁ አራዳ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ አንድ እጥፋት ገባ ብሎ ነው። ታፔላው ላይ «ከድር ቪዲዮና የኮምፒውተር ጥገና። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት እንቀርጻለን» ይላል፤ ከሥሩ በቀይ «ለቅሶ አንቀርጽም» የሚል ተጨምሮበታል። ለምን ብዬ ጠይቄው «አንዴ ሞክሬው ነበር። አልቃሿ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ምስሉ ሁሉ ተንቀጥቅጦ ቀረ» አለኝ።

ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ካቻቢቴውን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮው ላይ ይሰካዋል። ሲያስብ አውርዶ በእጀታው ኮፍያውን ከፍ ያደርግና ራሱን ያክበታል፤ ሲናደድ መልሶ ይሰካዋል። ካቻቢቴው እጁ ላይ ካለ ጠይቂው፤ ጆሮው ላይ ካለ አትጠይቂው። ይህን ያስተማረችኝ እታለም የሺ ናት። በሁለቱ ሱቅ መሃል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ወዲህ የተባለው ሁሉ ወዲያ ይሰማል፤ እሷ ደግሞ ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

እኔ እዚያ ሱቅ የገባሁት በእህቴ ሠርግ ምክንያት ነው። አገራችን ትክል ድንጋይ ነው፤ እኔ ለትምህርት ጎንደር ቤት ተከራይቼ ነበር የምኖረው። እህቴ ስመኝ በጥር ስትዳር ቪዲዮውን የቀረጸው አያ ከድር ነው። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናታችን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አንሸራቷት እግሯ ተሰበረ። ወጌሻው በሸንበቆ ጠፍሮ አሰረላትና «ንቅንቅ እንዳትዪ» አላት። እናም በልጇ ሠርግ ቀን እማዬ ጓዳ አልጋ ላይ ተኝታ ዋለች። ዳሱ ከግድግዳው ማዶ ነው። ከበሮው ይሰማታል፣ ጭብጨባው ይሰማታል፣ ማየት ግን የለም። ስመኝ ልትሰናበታት ስትገባ ቬሏን በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችና «ጆሮዬ ልጁን ዳረ። ዓይኔ ግን ገና አልዳረም» አለቻት።

ስመኝ ይህን ሰምታ ዝም ልትል አልቻለችም። መልሱ ቅዳሜ ነው፤ ሙሽሮቹ ወደኛ ቤት ይመጣሉ፤ በማግስቱ ባሏ ወደሚሠራበት ወደ ሐዋሳ ይዟት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደምትመለስ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ቪዲዮው ለመልሱ ቀን መድረስ አለበት። እናትና ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠርጉን ያዩታል። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ችግሩ የቪዲዮ አንሺ ቀጠሮ ይታወቃል። የሠርግ ቪዲዮ ለበኩር ልጅ ክርስትና ይደርሳል ነው የሚባለው። ስለዚህ ስመኝ ደውላ አዘዘችኝ፤ «ከትምህርት ቤት ስትወጪ ሱቁ ሄደሽ ቁጭ በይ። ሳይጨርስ እንዳትነሺ።»

ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ «ምነው አያ ከድር፣ አልደረሰም እንዴ?» አልኩት።

ካቻቢቴውን ከጆሮው አወረደ። «ምን አልሽኝ?»

«አልደረሰም ወይ ነው ያልኩህ።»

«ከሱ በፊት።»

«አያ ከድር።»

«የሺ፣ ሰማሽ? አያ ተባልኩ። በቃ ዛሬ ሸበትኩ።»

ከግድግዳው ማዶ «ድሮም ሸብተሃል፤ በኮፍያ ሸፍነኸው ነው እንጂ» የሚል ድምፅ መጣ።

የከተማ ሰው «ጋሼ» ሲለው ነው የለመደው። እኛ አገር ግን ታላቅ የሆነን ወንድ «አያ» ሳይሉ ስም መጥራት ነውር ነው። ከየት ነሽ ሲለኝ ከትክል ድንጋይ አልኩት፤ «እሱማ ያስታውቃል» አለና ወንበር ሰጠኝ። በማግስቱም መጣሁ፤ በሦስተኛውም ቀን መጥቼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ «ትክል ድንጋይ ያገርሽ ስም መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ለካ አንቺ ራስሽ ነሽ። ሱቄ ውስጥ ተተከልሽብኝ።» ከዚያ ወዲያ ስሜ ትክሏ ሆኖ ቀረ። ደንበኛ ሲገባ «በትክሏ በኩል እለፉ» ይላል።

ቪዲዮው የዘገየው በስንፍና አልነበረም። ኮምፒውተሩ ጾም ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ኮምፒውተር ረጅም ቪዲዮ ሲያቀናብር ይሞቃል፤ በጣም ሲሞቅ ራሱን ድርግም አድርጎ ያጠፋል። ማቀዝቀዣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። አያ ከድር ከኢንተርኔት አንድ ዘዴ አገኘ፤ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰር የሚሉትን፣ ቮልቴጁን ትንሽ ቀነስ ማድረግ።

«ፋብሪካው ሲሠራው አብዝቶ እንዲያጎርሰው አድርጎ ነው የሚሠራው» ብሎ አስረዳኝ። «ግብዣ ቤት አይተሽ የለ? እንግዳው ጠግቧል፤ እነሱ ‹በሞቴ፣ ይቺን ብቻ› እያሉ ይጠቀጥቁበታል። ከዚያ እንግዳው ያልበዋል፣ ቀበቶውን ያላላል፣ ያንቀላፋል። ፕሮሰሰርም እንደዚያ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ጾም አስያዝኩት። ሥራውን ይሠራል፣ ላቡ ግን ቀረ።»

የተሳካለት ዕለት፣ እታለም የሺ እንደነገረችኝ፣ የመንደሩን ባለሱቅ ሁሉ ጠርቶ ኮምፒውተሩ ፊት አቆማቸው።

«ስሙት» አላቸው።

አዳመጡ። «ምንም አይሰማም» አሉት።

«እሱን ነው ስሙት የምላችሁ።»

ያን ጸጥታ ለአንድ ሳምንት ሲያስጎበኝ ከረመ። ከዚያ የስመኝን ሠርግ ማቀናበር ጀመረ፤ መከራውም ጀመረ። ቁርጥራጩን ምስል ሁሉ ሰፍቶ አንድ ፊልም ማድረግን ሬንደር ይሉታል። ሬንደሩ ሰዓታት ይፈጃል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል፤ መቶ ሲሞላ አለቀ ማለት ነው። የኛው ኮምፒውተር ሠላሳውን፣ ስልሳውን፣ ዘጠናውን በሰላም ያልፍና መቶ ሊሞላ ሲል ስታክ ያደርጋል። ድርቅ። ምስሉ እንዳለ ይቆማል፤ ብትነኪው አይሰማም፤ አጥፍተሽ ስትከፍቺው ፊልሙ የለም። ደግሞ አያ ከድር ሊሰግድ ወደ መስጊድ ወጥቶ ሲመለስ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንዲሁ ደርቆ ያገኘዋል።

አያ ከድር ሲፈትሽ አንድ ሕግ ነበረው፤ «አንድ ተጠርጣሪ፣ አንድ ችሎት» ይላል። ሁለት ነገር ባንዴ አይነካም። «ሁለቱን ባንዴ ቀይረሽ ቢድን ማን በሽተኛ እንደነበረ በምን ታውቂያለሽ? ንጹሑን ሰው በከንቱ ታስሪዋለሽ።» ተጠርጣሪው ነፃ ሲወጣ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቀዋል። እውነቴን ነው።

መጀመሪያ የተከሰሰው ሶኬቱ ነው። ኮምፔንሳቶውን በስቶ ገመድ ከእታለም የሺ ሱቅ ሳበ። ኮምፒውተሩ መቶ ሊሞላ ሲል ደረቀ። አያ ከድር ወደ ሶኬቱ ጎንበስ ብሎ «አፉ በለኝ» አለው።

እታለም የሺ ከማዶ ሆና «አፉ ብያለሁ» አለች።

«አንቺን አይደለም።»

«ሶኬቱስ የኔ አይደለም?»

ቀጥሎ ራሙ፣ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ፣ ተከሰሰ። ነቅሎ አወጣው፤ የኔን ላጲስ ተቀብሎ ወርቃማ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጠረገለት፤ መልሶ ሰካው። ደረቀ። «አፉ በለኝ፣ አንተም ንጹሕ ነህ» አለው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ አጎቴ ነበር። ፊልሙ የሚያልቀው በአጎቴ እስክስታ ነው። አጎቴ ሲጨፍር ደግሞ ትከሻው ሌላ፣ አንገቱ ሌላ፣ ጋቢው ሌላ ነው፤ ሦስት ሰው ባንድ ላይ የሚጨፍር ይመስላል። አያ ከድር አፍጥጦ አየውና «በቃ አገኘሁት» አለ። «ማሽኑ አጎትሽ ላይ ሲደርስ ነው የሚደክመው። ይህን ትከሻ የትኛው ፕሮሰሰር ይችለዋል?» አጎቴን ከመጨረሻው ቆርጦ መጀመሪያ ላይ አደረገው። ሙሽራዋ ሳትወጣ አጎቴ ጨፍሮ ጨረሰ። ኮምፒውተሩም አጎቴን በሰላም አሳለፈና መቶ ሊሞላ ሲል ደረቀ።

«አጎትሽም ነፃ ነው» አለኝ ተክዞ። «ይቅርታውን ቅዳሜ ራሴ እጠይቀዋለሁ።»

«ዓይን ነው» አለች እታለም የሺ። «ያን ቀን አገሩን ጠርተህ ስሙልኝ ያልከው። እስኪ ጤና አዳም አድርግበት።»

«የሺ፣ ይሄ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስህ እስኪመጣ ጤና አዳሙ ምን ይጎዳሃል?»

በማግስቱ ስመጣ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ተቀምጧል። ዓይኔን ሲያይ «ለሽታው ነው» አለኝ።

እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ካቻቢቴው እጁ ላይ ያለበትን ሰዓት ጠብቄ «አያ ከድር፣ ይሄ በሽታ የጀመረው መቼ ነው?» አልኩት።

«ከጾሙ ወዲህ።»

«ታዲያ ጾሙን ለምን አንተውለትም?»

በረመዳን ቀትር ላይ ምሳ ያቀረብኩለት ይመስል አየኝ። «ልታስገድፊው ነው?» አለኝ። ካቻቢቴው ወደ ጆሮው ተመለሰ። «ጾሙን ፈትኜዋለሁ እኮ። ግማሽ ቀን ሙሉ ከባድ ሥራ ጭኜበት ንቅንቅ አላለም። ጾም ሰው ገድሎ አያውቅም።»

ሆኖም ረቡዕ ዕለት ማንም ሳይነግረው ጾሙን ፈታለት፤ ቮልቴጁን እንደ ፋብሪካው መለሰው። ፋኑ ወዲያው መጮህ ጀመረ። ሲሶውን ሳይጨርስ ጎኑ እንደ ምጣድ ጋለና ራሱን አጠፋ። አያ ከድር እጁን በኮምፒውተሩ ጎን ላይ አደረገ።

«አየሽ ትክሏ» አለኝ። «ሲጠግብ ይነዳል፣ ሲጾም ይደርቃል። ምን ይሻለኛል?»

ቀልድ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሲወጣ ያን ቀን ነው የሰማሁት። እታለም የሺም ከማዶ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስመኝ ደወለች። ስልኩን ጮክ አድርጌው ስለነበር ሁላችንም ሰማናት። «እማዬ ጠዋት ጠዋት እየደወለች ቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው ትለኛለች። ሰው ገብቶ እንዳይጋርዳት አልጋዋ ከቴሌቪዥኑ ፊት በየት በኩል እንደሚቆም ሳይቀር ለጎረቤት ነግራለች። ይደርሳል በይኝ።» ወደ አያ ከድር አየሁ። እሱ ወደ ወለሉ አየ። «ይደርሳል» አልኳት፤ እንዴት እንደሚደርስ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

አያ ከድር ኮፍያውን አጠበቀና ወጣ። ኮምፒውተር የሚያውሰው ፍለጋ ነው። ጥር ነው እንግዲህ፤ የከተማው ቪዲዮ ቤት ሁሉ ሙሽራ በሙሽራ ነው፤ ማን ኮምፒውተሩን ይሰጠዋል? አዲስ ዓለም ወርዶ ዘመዶቹን ጠየቀ፤ ቅዳሜ ገበያ ሰፈር ሄደ፤ ተመልሶ አራዳን አሰሰ። በሱቁ በር ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ወደ ላይ ሲሮጥ፣ ወደ ታች ሲሮጥ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየቀለደ ሲሰላም። ሐሙስ ሐሙስ ይጾማል፤ ሰኞና ሐሙስ ልማዱ ነው። ያም ሆኖ እግሩ እንደ ፌንጣ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ባዶ እጁን ተመለሰና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ እንዳለ ፊቱ ነጣ። በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ያዘ።

«ምነው፣ ምን ሆንክ? ውሃ ላምጣልህ?» አልኩት፤ ጾሙን ረስቼ።

«አሁን ደግሞ እኔን ልታስገድፊ?» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። «ቆይ፣ ይለቀኛል። ዞረብኝ። ይገርማል፤ ስሮጥ ስውል ምንም አልነበርኩም። ቁጭ ስል ነው።»

«ጾመኛ እንደሱ ነው» አለች እታለም የሺ ከማዶ። «እኔም በሁዳዴ ስፌቱ ላይ ሳለሁ አይታወቀኝም። መኪናዬን አቁሜ እፎይ ልል ስል ነው ጉልበቴ የሚከዳኝ።»

አያ ከድር ዓይኑን ገለጠ። ለጊዜው ለየሺ ሊመልስላት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ ከጆሮው አወረደና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«ትክሏ፣ ሁልጊዜ እዚህ ነሽ። ይሄ ማሽን ሥራ ላይ ሳለ፣ መሃል ላይ፣ ስታክ አድርጎ ያውቃል?»

አሰብኩ። «አያውቅም።»

«ጨርሶ ሊያርፍ ሲልስ?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔ ልሰግድ ወጥቼ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለስ?»

«ሁልጊዜ።»

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ራሱ ጨምሮ ይበላል። ሥራ ሲቀንስ ራሱ ምግቡን ይቀንሳል፤ ሲያርፍ የሚቀምሰው ጥቂት ነው። እኔ ከዚያች ከጥቂቷ ላይ ቀነስኩበት።» እየተናገረ ድምፁ እያነሰ ሄደ። «ከባድ ሥራ ጭኜ ፈተንኩት፤ አለፈ። ጾመኛን በገበያ ላይ ፈተንኩና ደህና ነው አልኩ። ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ ማን አየው? ሶኬቱን ከሰስኩ፣ ራሙን ከሰስኩ፣ የሰው አጎት ከሰስኩ። ወንጀለኛው ለካ ዳኛ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።»

«ተመስገን» አለች እታለም የሺ። «ራስህን የከሰስክበትን ቀን አየሁ።»

ጾሙን ጨርሶ እንዳይፈታው መንደዱ አለ። እንዳለ እንዳይተወው መድረቁ አለ። ትንሽ አሰበና «እናንተ ልጅ ሳላችሁ ጾም እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«እስከ ስድስት ሰዓት።»

«እኛም ልጅ ሳለን ግማሽ ቀን ነበር። በቃ፣ የልጅ ጾም እናድርግለት።» የኮምፒውተሩን የሆድ ዕቃ ማዘዣ ከፈተና ከቀነሰው ቮልቴጅ ላይ አንዲት እርከን መለሰለት።

አሁን የቀረው መፈተን ነው። እዚህ ላይ ነው አያ ከድርን መቼም የማልረሳው። ፈተናው ዕረፍት ነው፤ ስለዚህ ማንም ምንም ማድረግ የለበትም። መዳፊቱን መንካት የለም። ጠረጴዛውን መግፋት የለም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነው፤ ደቂቃዋ ካልተቀየረች ደርቋል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አያ ከድር ማውራትም የተከለከለ አስመሰለው። በሕይወቱ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እግሩ ይወዛወዛል፤ አየሁት፤ አቆመው።

አንድ ሰውዬ ፎቶ ሊያሳትም ገባ። አያ ከድር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና በሹክሹክታ «እያረፈ ነው» አለው።

ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። ኮፍያውን አወለቀ። እሱም በሹክሹክታ «ነፍስ ይማር፤ መቼ ነው?» አለ።

ከኮምፔንሳቶው ማዶ እታለም የሺ በጨርቅ አፏን ይዛ ስትንፈቀፈቅ ተሰማን። እኔ ሳቄን ልይዝ ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። አያ ከድር ግን ዓይኑን ከሰዓቷ አልነቀለም፤ «ቆመች» አለ። በእርግጥም ቆማ ነበር።

ሌላ እርከን መለሰለት፤ እንደገና ዝም አልን፤ እንደገና ቆመች። ሦስተኛውን መለሰለት። ደቂቃዋ ተቀየረች። ደግማ ተቀየረች። ውጭ ሰዉ ያልፋል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው፣ በግድግዳ የተሰማችውን ጨምሮ አራት፣ አንዲት ቁጥር ስትቀየር እያየን በየደቂቃው እፎይ እንላለን። ሰውየው ፎቶውን ረስቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሰዓቷ አሁንም እየሄደች ነበር። አያ ከድር ከኪሱ ቴምር አወጣ። አንዱን ጎረሰ፣ አንዳንድ አደለን፣ አንዷን ኮምፒውተሩ ላይ ከጤና አዳሙ ጎን አስቀመጠ።

ዓርብ ሬንደሩ ሲጀመር እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እየሮጥኩ ስደርስ ዘጠና አልፏል። ቁጥሩ መቶ ሞላ። አያ ከድር ፊልሙን ነካው፤ ተከፈተ፤ አጎቴ ጋቢውን እየወረወረ መጣ። የኮምፒውተሩን ጎን በመዳፌ ነካሁት፤ ለብ ብሏል፣ አይፋጅም። እታለም የሺ ከማዶ እልል ስትል መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ።

ፊልሙ በሲዲ ተገልብጧል፤ አያ ከድር ግን የሰው ዴክ አላምንም ብሎ ኮምፒውተሩንም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ራሱ አብሮኝ መጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩ እናት ብርድ ልብሱን አይተው «ልጁ ተሻለው?» አሉት። «ትናንት ነው የተሻለው እናቴ» አላቸው፤ እስከ ትክል ድንጋይ ድረስ ሲመርቁለት ሄዱ።

እማዬ እንደሚመጣ ሰምታ ኖሮ ለሱ በግ በሙስሊም ጎረቤታችን እጅ አሳርዳ ጠበቀችው። ቤቱ ሞልቷል። አልጋዋ ካዘዘችው ቦታ ላይ ቆሟል። አያ ከድር ከሁሉ አስቀድሞ አጎቴን ፈልጎ እጁን ያዘና «አፉ በለኝ» አለው።

አጎቴ ግራ ገባው። «አፉ ብያለሁ። ምን አድርገኸኝ ነው?»

«ሲያልቅ እነግርሃለሁ።»

ዴኩ ሲዲውን ያለ ክርክር ተቀበለ። ስመኝ ከእማዬ ጎን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እማዬ ዳሱን አየች፣ ሰዉን አየች፣ አጎቴ ሲጨፍር «እሱማ ካልጨፈረ ይታመማል» አለች። ሚዜዎቹን አንድ በአንድ የማን ልጅ ነው እያለች ጠየቀች። ስመኝ በቬሏ ከቤት ስትወጣ ግን ጥያቄው ቆመ። የስመኝን እጅ ያዘች።

ከበሮው እየደመቀ መጣ፣ ጭብጨባው መጣ፣ ስመኝ ወደ መኪናው ስትጠጋ ድምፁ ሁሉ ቀስ እያለ ዝቅ አለ። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መሰለን። ከዚያ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ኋላ የሚመጣ አንድ እልልታ ተሰማ። ብቻውን። ረጅም፤ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮት የሚቆም፤ ደግሞ የሚቀጥል።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች እማዬ።

ስመኝ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነኝ «አንቺ ነሽ እማዬ፤ ከጓዳ ሆነሽ» ያልኳት።

አያ ከድር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ግድግዳው ጥግ ቆሞ ነበር። «ካሜራው ያን ቀን ሰምቶሻል» አላት። «እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ድሮ ፋኑ ሲጮህ እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም ነበር፤ ሰሞኑን ደግሞ ጆሮዬ ሁሉ የማሽኑ በሽታ ላይ ነበር። ዓርብ ማለዳ ማሽኑ ጸጥ ብሎ ሳለ ድምፁን እንደገና ሳዳምጥ አገኘሁሽና ሌላውን ሁሉ ዝቅ አደረግኩልሽ።»

እማዬ ስክሪኑን እያየች ቆየች። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞር ብላ «ድምፄ እንዲህ ጎርናና ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን በየሰው ሠርግ እልል ስል ምነው የነገረኝ ጠፋ?» አለች።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ስመኝ እያለቀሰች ትስቃለች፤ አጎቴ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይስቃል። እማዬ ብቻ አልሳቀችም።

«መልሰው እስኪ ልጄ» አለችው።

አያ ከድር ሪሞቱን ተቀብሎ መለሰው። ስመኝ ከቤት ወጣች፣ ከበሮው ዝቅ አለ፣ እልልታው መጣ። እንደገና መልሰው አለችው፤ መለሰው። እንደገና። አሁን ድምፁን አልጠበቀችም። ስመኝ ገና በሩን ስትወጣ እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ እልል አለች፤ ከቴሌቪዥኑ ደግሞ ያኛው እልልታዋ ተነሣ፤ አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው ይቀጥልለታል። ስመኝ ቬል የለበሰች ይመስል ተነሥታ ፊቷ ቆመች።

ውጭ ወደ ጎንደር የሚመለሰው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። ሹፌሩ አያ ከድርን እየጠራው ነው። አያ ከድር ሪሞቱን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

«መኪናው ይሂድ» አለችው እማዬ። «አንተ መልሰው።»